ጉድጓዱን እየቆፈርን ወንዙን ስንገድል



ከቁሓ ወጣ ብሎ ባለ አንድ መንደር ውስጥ የእብነ በረድ ሰሌዳ የተለጠፈበት የውሃ ጉድጓድ አለ። ሰሌዳው ላይ የአንዲት ሟች እናት ስም፣ ዱዓ እና ጉድጓዱ የተቆፈረበት ዓመት ተጽፏል። ገንዘቡን ያሰባሰብነው እኛ ነን። ልጆቿ ከውጭ ላኩ፣ እኛም የአቅማችንን ጨመርን፣ ማሽን መጣ። ውሃው ሲወጣ ሴቶቹ እልል አሉ፤ እኛም ፎቶ አንስተን ለሰጪዎቹ ላክን። ሁለት ዓመት ሙሉ ፓምፑ መንደሩን አገለገለ። በሦስተኛው ዓመት ጥር ካለፈ በኋላ ግን እጀታውን ሲጫኑት የሚወጣው አየር ብቻ ሆነ። ባለሙያ ጠራን። ፈታታው፣ አየው፣ መልሶ ገጠመውና «ፓምፑ ጤነኛ ነው፤ የሸሸው ውሃው ነው» ብሎን ሄደ።

ታዲያ እኛ ምን አደረግን? ሌላ ጉድጓድ ለመቆፈር ገንዘብ መሰብሰብ ጀመርን።

ይህንን ጽሑፍ የምንጽፈው በመጀመሪያ ራሳችንን ለመውቀስ ነው። ለዓመታት ሰደቃችንን ያዋልነው ውሃ በማውጣት ላይ ነው፤ ውሃ በማስገባት ላይ አንድ ብር አላወጣንም። ከጉድጓዱ በላይ ያለው ተዳፋት ሲራቆት፣ ከጎኑ ያለው ጅረት በአሸዋ ቆፋሪ ሲታረስ፣ ከብት የሚግጥበት ለምለም ጨፌ በቦረቦር ተሰንጥቆ ሲደርቅ በመንገዱ እያለፍን አይተናል፤ ግን የእኛ ጉዳይ አልመሰለንም። ወንዝን መመለስ የሀብታም አገር ቅንጦት፣ ወይም የከተማ ማሳመሪያ ሥራ ነው ብለን ነበር የምናስበው። ተሳስተናል። ዛሬም በዚህ ስሕተት ላይ ያሉ ብዙ ወንድሞችና እህቶች ስላሉ ነገሩን በግልጽ እንነጋገርበት።

ውሃው ከየት ይመጣል?

ብዙ ሰው የከርሰ ምድር ውሃን ከእግራችን በታች የተዘረጋ፣ የቆፈረ ሁሉ የሚቀዳው፣ ማለቂያ የሌለው ባሕር አድርጎ ያስበዋል። እንደዚያ አይደለም። በቁሓና በመቀሌ ዙሪያ ከአፈሩ ሥር ያለው ድንጋይ ነው፤ የኖራ ድንጋይ፣ በንብርብር የተቀመጠ የጭቃ ድንጋይ፣ በመካከላቸውም ቀልጦ ገብቶ የረጋ ጥቁር ድንጋይ። ውሃው የሚያድረው በእነዚህ ድንጋዮች ስንጥቅ ውስጥ ነው። ስንጥቁን የሚሞላው ደግሞ ከላይ የሚዘንበው ዝናብ ብቻ ነው። ዝናቡ ካልገባ፣ የምንቀዳው ያለፈውን ዓመት ተቀማጭ ነው። ገቢ የሌለው ተቀማጭ ደግሞ መጨረሻው ይታወቃል።

የመቀሌ ከተማ ለረጅም ዓመታት የመጠጥ ውሃዋን በዋናነት ያገኘችው ከደቡብ ምሥራቋ፣ ከቁሓ ጎረቤት ከሆነው ከአይናለም የጉድጓድ መስክ ነው። ከተማዋ አደገች፣ ሕዝቧ በዛ፣ በጦርነቱ ምክንያት ከየአቅጣጫው የተፈናቀለው ወገናችንም ወደ እርሷ ገባ። ጉድጓዶቹ ግን ያው ከአንድ ተፋሰስ የሚጠጡ ጉድጓዶች ናቸው። ቧንቧው በፈረቃ ነው፤ ፈረቃው ሲዘገይ ቢጫ ጀሪካን ተሰልፎ ይውላል፤ አቅም ያለው ቦቴ ያስመጣና ሮቶውን ይሞላል፤ አቅም የሌለው ከአህያ ጋሪ በጀሪካን ይገዛል። ልብ በሉ፤ ለአንድ ሊትር ውሃ ከሁሉ የበለጠ የሚከፍለው ድሃው ነው።

አሁን ወደ ሰማይ እንይ። በአካባቢያችን በዓመት 600 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል፤ አብዛኛውም በሐምሌና በነሐሴ ይወርዳል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ማለት ነው። እንግዲህ አስሉት፦ በአንድ ሄክታር መሬት ላይ በዓመት ስድስት ሚሊዮን ሊትር ውሃ ይወርዳል። በባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲቆጠር 300 ሺህ ጀሪካን ነው። ይህ ከአንድ ሄክታር ብቻ ነው! ከፊሉን ፀሐይ ይወስደዋል፣ ከፊሉን ተክሉ ይጠጣዋል፤ እሱ ያለ ነው። የቀረው ግን መሬት ውስጥ ሊገባ ሲገባው አፈራችንን ተሸክሞ ወደ ግባ፣ ከግባ ወደ ተከዜ፣ ከተከዜም አገር ለቅቆ ይሄዳል። በነሐሴ ጎርፍ የወሰደብንን ውሃ በየካቲት በጀሪካን እንገዛለን።

በሱረቱል ሙልክ መዝጊያ ላይ አላህ (ሱ.ወ) ውሃችን ወደ ምድር ሠርጎ ቢጠፋብን የሚፈስ ውሃ ማን ሊያመጣልን እንደሚችል ይጠይቀናል። ይህንን አንቀጽ ስንቴ ቀርተነዋል? ያ ፓምፕ አየር ሲተፋ ያየን ሰዎች ግን ጥያቄው ስለ ሩቅ ዘመን የተነገረ መስሎ ሊሰማን አይችልም።

ወንዝ ቱቦ አይደለም

የስሕተታችን ሥር ወንዝን እንደ ቱቦ ማየታችን ነው። ቱቦ ሥራው ውሃን ከዚህ ወደዚያ ማሳለፍ ነው። ወንዝ ግን ከነዳርቻው፣ ከነጨፌው፣ ከነተዳፋቱ አንድ አካል ነው፤ ትልቁ ሥራውም ማሳለፍ ሳይሆን ማዘግየት ነው።

ጤነኛ ጅረት እንዴት እንደሚሠራ እንይ። ኮረብታው ላይ ሣርና ቁጥቋጦ አለ፣ የድንጋይ እርከን አለ፤ ዝናቡ ሲወርድ ሩጫው ይገታል። ታች ሲደርስ በጅረቱ ዳርና ዳር ያለው ረግረግ እንደ ሰፍነግ ይመጠዋል። ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ስንጥቁ ይሠርጋል። ክረምቱ አልፎ ጥርና የካቲት ሲመጣ ያው ሰፍነግ የያዘውን ቀስ እያለ ይለቅቃል፤ ምንጩ ይንጠባጠባል፣ የጉድጓዱ ውሃ ከፍ ብሎ ይቆያል።

የታመመ ጅረት ደግሞ እንዲህ ነው። ኮረብታው ተራቁቷል፤ ዝናቡ እንደወረደ ይንደረደራል። ጉልበት ያገኘው ጎርፍ የጅረቱን ወለል ይቆፍረዋል፤ የዳርቻው አሸዋ ለግንባታ ተጭኖ ሲሄድ ይብስበታል። ጅረቱ ወደ ቦረቦርነት ይለወጣል። ቦረቦር ደግሞ አፈር ብቻ አይደለም የሚወስደው፤ ከጎኑ ያለው ጨፌ የያዘውን ውሃ ሳይቀር እንደተቀደደ ስልቻ ያፈስሰዋል። ለዚህ ነው ቦረቦር ባለበት ሰፈር ጉድጓድ ቶሎ የሚደርቀው። እኛ ግን ከቦረቦሩ ሃምሳ ሜትር ርቀን ሌላ ጉድጓድ እንቆፍራለን፤ የተቀደደውን ሳንሰፋ ውሃ እንጨምራለን።

በትግራይ ስማቸው «ማይ» ብሎ የሚጀምር ስንት ቦታ አለ? ማይ ማለት ውሃ ነው። አባቶቻችን ቦታን የሚሰይሙት በውሃው ነበር። ከእነዚያ ስሞች መካከል ዛሬ ስሙን እንጂ ውሃውን ያልያዘው ስንት እንደሆነ እያንዳንዳችን የምናውቀውን ሰፈር እያነሳን እንቁጠር።

ጥቅሙ የውሃ ብቻ አይደለም

«ወንዝ ማዳን» ሲባል ለዛፍ ወዳጆች የተተወ ጉዳይ ለሚመስላችሁ፣ አንዱ ሥራ ስንት ቤት እንደሚገባ እንዘርዝር።

አንደኛ፣ ግድቦቻችንን ያድናል። በ1980ዎቹ መጨረሻ በትግራይ በዐሥር ዓመት ውስጥ 500 ትናንሽ ግድቦችን የመሥራት ትልቅ ዕቅድ ወጥቶ ነበር። የተሠሩት ከዕቅዱ እጅግ ያነሱ ናቸው፤ ከተሠሩትም ብዙዎቹ ከታሰበላቸው ዕድሜ ቀድመው በደለል ተሞሉ። ደለሉ ከሰማይ አልወረደም፤ ከላይ ካልታከመው ተዳፋት የመጣ የገበሬው አፈር ነው። ገበሬው እርሻውን አጣ፣ ግድቡም ውሃውን አጣ፤ አንድ ጥፋት ሁለት ጊዜ ተከፈለበት።

ሁለተኛ፣ ጎርፍን ያበርዳል። ጎርፍ መንደር የሚያጠቃው ብዙ ስለዘነበ ብቻ አይደለም፤ የዘነበው ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለሚደርስ ነው። ላይ ተይዞ የዘገየ ውሃ ታች በር አይሰብርም።

ሦስተኛ፣ መኖና ማር ይሰጣል። ከከብት ንክኪ ነጻ የተደረገ ተዳፋት ላይ የሚበቅለውን ሣር ገበሬው አጭዶ ይወስዳል፤ አበባው ለንብ ይሆናል። የትግራይ ነጭ ማር ከየት እንደሚመጣ የሚያውቅ ሰው ተዳፋት ላይ ያለን ቁጥቋጦ «ባዶ መሬት» ብሎ አይጠራም።

አራተኛ፣ ጤና ነው። የመቀሌን ሰሜን አቋርጦ የሚያልፈውን የኢላላን ወንዝ አስቡ። የከተማው ፍሳሽና ቆሻሻ ይገባበታል፤ በዳርቻው ደግሞ ሰላጣና ቆስጣ ይመረትበታል። ወደ ወንዙ የጣልነው ነገር ገበያ ዞሮ ወደ ገበታችን ይመለሳል። ወንዝን ማጽዳት የራስን ሳህን ማጽዳት ነው።

አምስተኛ፣ ሰላም ነው። በወሎ፣ በከሚሴ አካባቢ ያለውን የጨፋ ረግረግ የሚያውቅ ይህ ይገባዋል። በጋ ሲጠና ከብት ይዞ የሚመጣው አፋሩም፣ ኦሮሞውም፣ ሌላውም የሚያርፍበት የጋራ ማዕድ ነው። ማዕዱ ሲጠብ በዙሪያው ያለው ሰው መገፋፋት ይጀምራል። ረግረግ ሲሰፋ የጠብ ምክንያት ይጠብባል።

ስድስተኛ፣ ሥራ ነው። እርከንና ክትር የሚሠራው በማሽን ሳይሆን በሰው እጅ ነው። ከጦርነት ተርፎ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠው ወጣት እጅ አለው።

አይተነዋል፤ ሕልም አይደለም

ይህ ሁሉ በወረቀት ያማረ ሐሳብ ነው የሚለን ካለ ሩቅ አንወስደውም። ከውቅሮ ብዙም የማይርቀውን የአብርሃ ወአጽብሃን ቀበሌ እንጠቁመዋለን። ያ መንደር በድርቅና በመሬት መራቆት ብዛት ነዋሪውን ወደ ሌላ ቦታ የማስፈር ሐሳብ እስከመነሳት ደርሶ ነበር። አባ ሓዊ በሚል ስም የሚታወቁት መሪያቸውና ነዋሪው ግን መሬታቸውን ማከም መረጡ። ተዳፋቱን ከለከሉ፣ እርከን ሠሩ፣ ቦረቦሩን በክትር ዘጉ፣ ውሃ ማስረጊያ ኩሬ ቆፈሩ። የከርሰ ምድሩ ውሃ ከፍ አለ፤ ከዚያ በኋላ በመቶዎች የሚቆጠሩ የእጅ ጉድጓዶች ተቆፈሩ። ቅደም ተከተሉን አስተውሉ፤ መጀመሪያ ውሃውን መለሱ፣ ጉድጓዱ ከዚያ በኋላ መጣ። መንደሩ እ.ኤ.አ. በ2012 የተባበሩት መንግሥታት ልማት ፕሮግራም የሚሰጠውን የኢኳተር ሽልማት አገኘ።

በደጉዓ ተምቤን፣ ማይ ዘግዘግ በሚባለው ተፋሰስ ላይ ደግሞ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲና የቤልጅየም ተመራማሪዎች ለዓመታት ጎርፉን ለክተዋል። የድንጋይ እርከን፣ ክትርና የልቅ ግጦሽ ክልከላ ከተሠራ በኋላ በቀጥታ እየተንደረደረ የሚሄደው ጎርፍ ወደ አንድ አምስተኛ ገደማ ወርዷል። ውሃው አልጠፋም፤ መሬት ውስጥ ገባ።

ትግራይ ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለችም። ገበሬው በየዓመቱ 20 የሥራ ቀን በነጻ ጉልበቱን ይሰጥ ነበር፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ተዳፋት ላይ ድንጋይ ተቀባብሏል። እ.ኤ.አ. በ2017 ክልሉ በረሃማነትን በመዋጋት ፖሊሲው ዓለም አቀፍ የወርቅ ሽልማት ተሰጥቶታል። ስለዚህ ከዜሮ እንጀምር አላልንም። የጀመርነውን አንተው ነው የምንለው።

ችላ ማለት የሚያስከፍለውን ዋጋ ለማየት ደግሞ ወደ ሐረርጌ እንሂድ። የሐረማያ ሐይቅ ለሐረር ከተማና ለአካባቢዋ የመጠጥ ውሃ የሚሰጥ ሐይቅ ነበር። ዙሪያው ተራቆተ፣ ደለል ገባበት፣ ለጫትና ለአትክልት ከየአቅጣጫው ፓምፕ ተተከለበት፣ ከተማውም ቀዳ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሐይቁ ሙሉ በሙሉ ደረቀ፤ ጀልባ ይሄድበት የነበረው ቦታ የከብት መዋያ ሆነ። ሐረር ከድሬዳዋ ቆላ ውሃ ሽቅብ እየተገፋላት መጠጣት ግድ ሆነባት። ደጃፍ ያለን ሐይቅ ላለመንከባከብ የተከፈለ ዋጋ ነው። ከዓመታት በኋላ ተዳፋቱ ሲታከምና ጥሩ ዝናብ ሲገኝ ውሃው መመለስ ጀምሯል፤ አልሐምዱሊላህ። ሐረማያ ሁለቱንም አስተምሮናል፤ ውሃ እንደሚሄድም፣ ከተጠራ እንደሚመለስም።

«ግን…» ለሚሉን

«ሕዝብ ተርቦ፣ ተፈናቃይ ድንኳን ውስጥ እያለ ስለ ወንዝ ታወራላችሁ» ይሉናል። ይህ ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ነው፤ የሚጠይቀውም ከልቡ አዝኖ ነው። መልሳችን ይህ ነው፦ የተራበን ዛሬ ማብላት ግዴታ ነው፤ በእርሱ ላይ ድርድር የለም። ነገር ግን የተራበውን ሰው ነገም የሚያስርበው ምን እንደሆነ ካላየን ስንዴ እያደልን እንኖራለን። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሴፍቲኔት ፕሮግራም የገጠሩ ሰው እርከን እየሠራ እህል ወይም ገንዘብ ሲቀበል ኖሯል። ምግብና ተፋሰስ ተቃራኒ እንዳልሆኑ አገራችን ራሷ ታውቃለች። ተፈናቃዩም ወደ ቀዬው ሲመለስ የሚጠብቀው መሬት ውሃ የሌለው ከሆነ፣ መመለሱ ሌላ መፈናቀል ነው።

«ዛፉን የጨረሰው ሕዝቡ ራሱ ነው» የሚሉም አሉ። በ2013 የተጀመረው ጦርነት በጥቅምት 2015 በፕሪቶሪያ ስምምነት እስኪቆም ድረስ መብራት ተቋርጦ፣ ነዳጅ ጠፍቶ፣ ባንክ ተዘግቶ ነበር። እናት ልጆቿን ጥሬ አታበላም። ያኔ የተቆረጠው ቁጥቋጦ የችግር ቁርጥ ነው፤ ማንንም አንወቅስበትም። ወቀሳው የሚመጣው ዛሬ ነው፤ መብራቱ ተመልሶ፣ መንገዱ ተከፍቶ፣ ተዳፋቱን እንደተራቆተ ከተውነው።

«የገረብ ግባ ግድብ ሲያልቅ ነገሩ ይፈታል» የሚለው ተስፋ ደግሞ የብዙዎቻችን ነው። ለመቀሌ ውሃ ታስቦ የተጀመረው ይህ ግድብ በጦርነቱ ተቋርጦ ነበር፤ እንዲያልቅ ዱዓ እናደርጋለን፤ እንዲያልቅም እንጠይቃለን። ሆኖም ግድብ ውሃ አይፈጥርም፤ የመጣለትን ነው የሚይዘው። ከላይ የሚመጣለት ጭቃ ከሆነ ጭቃ ይይዛል። የግድቡ እውነተኛ ወዳጅ ከግድቡ በላይ ያለውን ተፋሰስ ዛሬ የሚያክም ሰው ነው።

«ውሃ ካቆራችሁ ወባ ታመጣላችሁ» የሚለውን በቁም ነገር እንቀበላለን፤ ምክንያቱም እውነት አለበት። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ በትግራይ የተሠራ ጥናት በትናንሽ ግድቦች አቅራቢያ የሚኖሩ ሕጻናት ከግድብ ርቀው ከሚኖሩት በሰባት እጥፍ በወባ እንደሚያዙ አሳይቷል። ከዚህ የምንማረው ውሃን መተው ሳይሆን አያያዝን ማወቅ ነው። ሜዳ ላይ የተኛ ውሃ አንድ ነው፤ መሬት ውስጥ የገባ ውሃ ሌላ ነው። ተዳፋት ላይ የሠረገ ዝናብ ለትንኝ አልጋ አይሆንም። ኩሬ ሲቆፈር ደግሞ ከቤት ርቆ፣ ከጤና ባለሙያ ጋር ተመክሮ ይሁን።

በመጨረሻ፣ ወንዝን ማዳን «ማስዋብ» ነው ለሚሉ። አዲስ አበባ ላይ በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው የወንዝ ዳርቻ ሥራ ስሙ ራሱ «ሸገርን ማስዋብ» ነበር፤ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻን ታሳቢ ያደረገ። የተዋበ ዳርቻ አንጠላም። ዳርቻው ላይ አበባ ተክሎ ላይኛው ሰፈር ሽንት ቤቱን ወደዚያው ወንዝ ከለቀቀ ግን ሥራው ለፎቶ ይሆናል። የወንዝ ሥራ ከላይ፣ ከምንጩ ይጀመራል። ለእኛ አግዳሚ ወንበርና ፏፏቴ መጨረሻ ይምጣልን፤ መጀመሪያ ውሃው ይመለስ።

የእኛ ድርሻ

ዲናችን በዚህ ጉዳይ ዝም አላለም። ሰዕድ ኢብኑ ዑባዳ (ረ.ዐ) እናታቸው በሞቱ ጊዜ የትኛው ሰደቃ እንደሚበልጥ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጠይቀው የተሰጣቸው መልስ ውሃ የሚል ነበር፤ ጉድጓድም ቆፈሩላቸው። ያ የቁሓ ሰሌዳም የመጣው ከዚህ ታሪክ ነው። ነገር ግን ልብ እንበል፤ ሰደቃው ውሃው ነው፤ ጉድጓዱ ዕቃው ነው። ውሃው ከሌለ የቀረው ዕቃና ሰሌዳ ነው።

አዙበይር (ረ.ዐ) እና አንድ የመዲና ሰው በጅረት ውሃ ሲካሰሱ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ፍርድ ከላይ ያለው ካጠጣ በኋላ ውሃውን ለጎረቤቱ እንዲለቅ ነበር። ከላይ ያለ ሰው ለታችኛው ተጠያቂ ነው ማለት ነው። የፊቅህ ሊቃውንትም ለጉድጓድና ለወንዝ «ሐሪም» የሚባል፣ ማንም ሊገነባበት ወይም ሊያበላሸው የማይችል ዳርቻ እንዳለው ጽፈዋል። በውሃ መውረጃ ላይ መጸዳዳት እርግማን ከሚያመጡ ነገሮች መካከል ተቆጥሯል። እኛስ? በዒድ ማግሥት የእርዱን ፈርስና አንጀት የት ነው የምንጥለው? የመኪና እጥበታችን ዘይትና ሳሙና የት ነው የሚወርደው? የፈረሰ ቤት ፍርስራሽ በሌሊት የት ነው የሚገለበጠው? መልሱን ጅረቶቻችን ያውቁታል።

ስለዚህ የምንለው ይህንን ነው፦

ለጉድጓድ ገንዘብ የምትልኩ ወንድሞችና እህቶች፣ ከዛሬ ጀምሮ ጥያቄያችሁን ለውጡ። «ስንት ሜትር ተቆፈረ?» ብቻ አትበሉ፤ «ከጉድጓዱ በላይ ያለው ተዳፋት ታክሟል ወይ?» በሉ። ከምትልኩት ገንዘብ ሩቡ ለእርከን፣ ለክትርና ለችግኝ ይሁን። ሰሌዳው ላይ ከሟቿ ስም ሥር የተፋሰሱም ስም ይጻፍ። እኛም ከእንግዲህ ያለዚህ ቅድመ ሁኔታ ለአንድም ጉድጓድ ገንዘብ አንሰበስብም።

የመስጂድ ኮሚቴዎች፣ ጣሪያችሁን ተመልከቱ። 200 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ በዓመት 120 ሺህ ሊትር ገደማ ይወርዳል። ከፊሉ እንኳ ቢያዝ የስንት ጁሙዓ ውዱእ ነው? የውዱእ ውሃውም ወደ ዛፍ ሥር ይፍሰስ እንጂ ወደ መንገድ አይለቀቅ።

የከተማው አስተዳደርና የቁሓ ክፍለ ከተማ፣ የጅረቶቹን ዳርቻ በካርታ ወስኑና ለሕዝብ አሳውቁ፤ ከዚያ በኋላ በዚያ ላይ የግንባታ ፈቃድ አይሰጥ። የአሸዋ ቁፋሮው ቦታና መጠን ይወሰንለት፤ በእርሱ የሚተዳደረው ድሃም ክትር በመሥራት እንዲቀጠር ይደረግ እንጂ ዝም ብሎ አይባረር። የአይናለም ጉድጓዶች የውሃ ከፍታ በየዓመቱ ለሕዝብ ይነገር፤ የባንክ ሒሳቡን የማያውቅ ሰው ቁጠባ አይጀምርም። አስፋልት የሚሰበስበው ጎርፍ ወደ ቦረቦር ሳይሆን ወደ ኩሬና እርሻ ይመለስ፤ በእኛው ክልል ገጠር መንገዶች ላይ ተሞክሮ የተሳካ ነገር ነው።

ወጣቶች፣ የክረምት ዘመቻ ሲባል ችግኝ ተክሎ ፎቶ መነሳት ብቻ አይሁን። በጥቅምት ተመልሳችሁ ስንቱ እንደጸደቀ ቁጠሩ። የሚጸድቅ ሃምሳ ከሚደርቅ አምስት ሺህ ይበልጣል።

በቁሓ አካባቢ በዐረብኛ የተጻፈባቸው ጥንታዊ የመቃብር ድንጋዮች ተገኝተዋል፤ ብዙዎቹ የ11ኛውና የ12ኛው መቶ ዘመን ናቸው። ወደ ዘጠኝ መቶ ዓመት ገደማ ሆናቸው ማለት ነው። እነዚያ ሙስሊሞች እዚህ ኖሩ፣ ነገዱ፣ ሞቱ፣ ተቀበሩ። ሰው ውሃ በሌለበት ከተማ አይቆረቁርም፤ ቅፍለትም ውሃ በሌለበት አያድርም። ያንን ውሃ ለእኛ አቆይተውልን ሄዱ። ስማቸው በድንጋይ ላይ እስከ ዛሬ ይነበባል።

እኛም በእብነ በረድ ላይ ስም እየጻፍን ነው። ከእኛ በኋላ የሚመጣው ልጅ ያንን ሰሌዳ ሲያነብ በእጁ ውሃ ይዞ «አላህ ይዘንላት» ይበል ወይስ ደረቁን እጀታ ተጭኖ ትቶት ይሂድ? ምርጫው ከፓምፑ ሳይሆን ከፓምፑ በላይ ካለው ተዳፋት ላይ ነው። ክረምት ከመግባቱ በፊት ድንጋይ ማንሳት እንጀምር።

አላህ ያፈረስነውን ከሚያቀኑት ያድርገን። አሚን።